ገጽ

ክላይፔዳ፣ ወደቡ ዳር፣ ባልቲክ ባሕር በረዶ ሲተፋ፣
አባቴ ዜኖናስ ከክሬኑ ወረደ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት እንደ ዋዛ ጠፋ።
«ከእንግዲህ ብረቱ ራሱን ያነሣል» ብለው ጓንትና ቆቡን ተረከቡት፤
እጁን ኪሱ ከቶ ገባ፤ ጣቶቹ ግን ውስጥ ለውስጥ መዘውር ሲያዞሩ አየሁት።

በዚያው ጥር፣ አንድ ጠዋት፣ ጢሙን ሊላጭ መስታወት ፊት ቆሞ፣
ቀኝ ፊቱ አልነቃም፤ ግራው ብቻ ተነሣ፣ ቀኙ ቀረ ተጋድሞ።
ሐኪሟ «ነርቭ ነው፣ ይመለሳል» አለች፤ መቼ እንደሆን ግን አልነገረችንም፤
ሾርባ በከንፈሩ ጥግ ይፈስ ነበር፤ እያየን አላየንም።

ማመልከቻውን እኔ ጻፍኩት።
እኔ ስል፣ ያው ማሽኑ፤ ስሙንና ዕድሜውን ብቻ ነው የነገርኩት።
እሱም በአራት ሴኮንድ አፈሰሰው፦
«ለውጤት የሚተጋ፣ በቡድን መንፈስ የሚያምን፣ ለውጥን ፈጥኖ የሚላመድ ሰው…»
አባቴ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ወረቀቱን አስጠግቶ አነበበና፣
«ደግ ሰው ይመስላል» አለኝ፤ «ቢቀጥሩት ደስ ይለኛል። ማነው ግና?»
እኔ ሳቅሁ።
እሱ ግማሹን ሳቀ።

ሌላ መጋዘን፣ ከወደቡ ማዶ፤ «የሰው ያለህ» የሚል ማስታወቂያ፤
ቃለ መጠይቁ ግን ከሰው ጋር አይደለም፤ ከካሜራ ጋር፣ ኩሽና ውስጥ፣ ከድንች ልጣጩ ወዲያ።
«ይመልከቱኝ» አለ ማሽኑ፤ «ዘጠና ሴኮንድ አለዎት፤
ስላጋጠመዎት ችግር ይናገሩ፤ ስለፈቱበት ብልሃት።»
አባቴም ጀመረ፣ ነፋስ አንዱን ገመድ ስለበጠሰበት ሌሊት፣
አየር ላይ ስለቀረው ኮንቴይነር፣
ከሥሩ ስለቆሙት ሦስት ሰዎች፣
ቀና ብለው ስለማያዩት…
ቀይ መብራት። ጊዜ አለቀ።
ሰዎቹ እዚያው ናቸው፣ ከዘጠናኛው ሴኮንድ ሥር።

ውጤቱ ሾርባው ሳይበርድ መጣ፦ ንግግር ስድሳ፣ ልምድ ሰባ፤
ደስታ ዐሥራ ሰባት። በዚህ ነጥብ ሰው ለቅሶ ቤት እንኳ አይገባ።
ገጹን አነበብን አሉ። የቱን ገጽ?
ወረቀቱን ከሆነ፣ የእሱም የእኔም አይደለም፤
ፊቱን ከሆነ፣ ግማሹ ጥር የሠረዘው ገጽ።

ሁለተኛው ሙከራ ዓርብ ነበር። የራሱን ምስል ከስክሪኑ ሰወርኩበት፤
ልጆች ለቀልድ በሚያወርዱት መላ፣ ግራ ፊቱን ገልብጬ በቀኙ ሰፋሁበት።
ምንም አልነገርኩትም።
ደስታ፦ ሰማንያ ስምንት።
«እንኳን ደስ አለዎት፤ ሰኞ ይምጡ፣ ከንጋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት።»

ሰኞ ጫማውን ወለወለ፤ እናቴ ክርኑን የጣፈችውን ሹራብ ለበሰ።
በሩ ላይ ዘበኛ የለም፤ ብረት ነው፣ አንድ ዐይን ያለው።
ተጠጋ። አየው። ወደ ኋላ ብሎ ተጠጋ። አየው።
«ፊትዎ ከተመዘገበው ፊት ጋር አይመሳሰልም።»
ቅጥሩን አገኘ አባቴ፤ ቅጥሩ ግን አላስገባው፤
ተቀጥሮ ከቅጥር ውጭ ቆመ፣ ነፋሱ ሹራቡን እንደ ሸራ ሲነፋው።

ከውስጥ አንድ ሰው መጥረጊያውን አስደግፎ መጣ፤
ሊውዳስ ነው፤ በዚያ ሌሊት ከሦስቱ አንዱ፣
ኮንቴይነሩ እንደ እንቁላል ከጎኑ ያረፈለት።
«ዜኖናስ!» አለ፣ ከትከሻው አውቆት፤ «ፊትህን ምን ነካው?»
ይህን የጠየቀ እሱ ብቻ ነው። ማሽኑ ቁጥር ሰጠው፤ እኛ ዝም አልነው።

ቁልፍ አልነበረውም፤ ቁልፍ የሚባል ነገር ቀርቷል ከዚያ በር።
በጋዜጣ የጠቀለለውን የጢስ ዓሣ ከፍሎ በሽቦው አሾለከለት፤
ቆመው በሉ፣ አንዱ ከቅጥር ውስጥ፣ አንዱ ከቅጥር በስተዳር።
ከአውቶቡስ ፌርማታው አያለሁ። አባቴ አንድ ነገር ብሎ በግማሹ ሳቀ፤
ሊውዳስ በሙሉው መለሰለት፤ ሳቁ ብቻ፣ ፊት ሳይጠየቅ፣ በብረቱ መሐል ዘለቀ።

እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።
ሾርባ ሲጠጣ ግን፣ አሁን፣
መሐረብ አቀብለዋለሁ፤
እያየሁ።